ድልድዩን ያቆመው

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ለእናቴ ሁለት ሦስት ጊዜ በስልክ አጭር መልእክት ልኬ ይሆናል፤ እሱንም የምታነብላት ጎረቤቷ ናት። ስምንተኛ ክፍል ስጨርስ ደብተሬን አስቀመጥኩ። ይህንን የምጽፈው ደብረ ማርቆስ፣ ሳህን ከማጥብበት ምግብ ቤት ጓሮ፣ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጬ ነው። የምጽፈውም መናገር ስላቃተኝ ነው። እማማ አንጓች ዐርፈዋል።

ስልኩ የተደወለው ረፋድ ላይ ነበር። እናቴ “አንጓችን አጣናት፤ ድረሺ” ብላ ዘጋችው። እጄ አረፋ እንደ ለበሰ ቆሜ ቀረሁ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። በሐምሌ ጥቁር ውኃ የሚባለውን ወንዛችንን ተሻግሬ ለቀብር እንዴት እደርሳለሁ ብዬ ተጨነቅሁ። ትንሽ ቆይቶ ድልድዩ ትዝ አለኝ። ተሠርቶ እንኳ ልባችን ገና አላመነውም፤ ሕልም ላይ ያየነው እንጂ በእግራችን የረገጥነው አይመስለንም።

እማማ አንጓች አልቃሽ ነበሩ። በእኛ አገር፣ ከጮቄ ተራራ ሥር፣ ሰው ሲሞት መጀመሪያ ቄስ ይጠራል፤ ቀጥሎ እሳቸው። ከለቅሶው መሀል ይቆሙና ለሟቹ ሙሾ ያወርዳሉ። ግጥሙን ከቤታቸው ይዘው አይመጡም፤ እዚያው ቆመው ነው የሚፈጥሩት። ከመጀመራቸው በፊት የግራ መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና ዓይናቸውን ይከድናሉ። ከሩቅ የሚጠራቸውን ሰው የሚያዳምጡ ይመስሉ ነበር። ያን ጊዜ ሕፃን እንኳ አያለቅስም።

ዓይናቸው ከደከመ በኋላ እየመራሁ ወደ ለቅሶ ቤት የምወስዳቸው እኔ ነበርኩ። ስሜን አይጠሩም፤ ዝም ስለምል “ዝሜ” ይሉኛል። ሰው በበዛበት ቦታ ድምፄ እንደማይወጣ ያውቃሉ። ግጥሙን ተቀብዬ መድገም ሲገባኝ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ። አንድም ቀን አልተቆጡኝም። መንገድ ላይ ግን “ዛሬም ከንፈርሽ አለቀሰ፤ ጉሮሮሽ መቼ ነው የሚያለቅሰው?” ይሉኛል።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ለቅሶው ቤት ሳይገቡ ከአጥሩ ውጭ ቆም ይሉና የሟቹን ዘመድ ያስጠራሉ።

“ምን ሠራ?” ይላሉ።

“ኧረ እማማ፣ ደግ ነበር!”

“ደግነቱን ተወው። ሲሞትማ ሁሉም ደግ ነው። የሠራውን ንገረኝ።”

አንድ ጊዜ አንድ ባለጸጋ ሞተው ልጆቻቸው “ድኻ ያበሉ ነበር በይልን” አሏቸው። እማማ አንጓች ጎረቤቱን ጠየቁ። ጎረቤቱ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ገብተው ስለ ሟቹ በቅሎ አለቀሱ። አረማመዷን፣ ልጓሟን፣ ዳገት ላይ አለማላቧን አንድ ሳያስቀሩ ዘረዘሩ። በቅሎዋ እውነትም ቆንጆ ነበረች። ሰው ሁሉ አለቀሰ፤ ስለ ድኻው ግን አንድ ቃል አልተነሣም። ልጆቹ አኮረፉ። እማማ አንጓች ሲወጡ “ምን ላድርግ፣ ቤቱ ውስጥ የሠራችው እሷ ብቻ ናት” አሉኝ።

እኔና እሳቸውን ያገናኘችን ብርቱካን ናት። ብርቱካን ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ከጥቁር ውኃ ማዶ ነው። ስምንተኛን አብረን ጨርሰን፣ መስከረም ላይ ልንመዘገብ ስንሻገር፣ እኔ ጫማዬን ለማውለቅ ወደ ኋላ ቀረሁ። እሷ ቀደመች። ከዚያ በኋላ ያየሁት ውኃ ብቻ ነው። ደብተሯን ከታች ድንጋይ ሥር አገኙት። እማማ አንጓች ለቅሶዋ ላይ ቆመው እንዲህ አሉ፦

ደብተሯን አርጥቦ እስክሪብቶዋን ወስዶ፣
ምን ሊጽፍበት ነው ወንዙ ቆላ ወርዶ?

እናቷ ደብተሩን ለእኔ ሰጠችኝ። ቀለሙ ፈስሶ ገጹ ሁሉ ሰማያዊ ሆኗል። እኔም ከዚያ ወዲያ ወንዙን አልተሻገርኩም፤ ትምህርቴም እዚያው ቀረ። ቤት መቀመጥ ሲያስፈራኝ እማማ አንጓች ዘንድ እሄድ ጀመር።

በዚያው ዓመት የወረዳችን አስተዳዳሪ፣ ስማቸውን አቶ ሙሉቀን እላቸዋለሁ፣ በመኪና መጥተው ድልድይ ይሠራል አሉ። ወንዙ አፋፍ ላይ የመሠረት ድንጋይ ተከሉ። እልል ተባለ፤ መኪናው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ዝናብ መጣ፣ በጋ መጣ፣ ደግሞ ዝናብ መጣ። ድንጋዩ ላይ ሴቶች ልብስ ማስጣት ጀመሩ።

ምርጫ ሲደርስ አቶ ሙሉቀን እንደገና ቀረቡ። ወንበራቸው ላይ የሚቆዩት ከተመረጡ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እማማ አንጓች ቤት በር ላይ የመኪና ድምፅ ሰማን። ጎንበስ ብለው ገቡ። ሰውዬው ወፍራም ናቸው፤ ፊታቸው ግን የልጅ ፊት ነው።

“እንዴት ዋሉ፣ እማማ?”

“እግዜር ይመስገን። ተቀመጥ ልጄ። ማን ሞተብህ?”

“ኧረ ማንም አልሞተም! ለእኔ እንዲናገሩልኝ ብዬ ነው።”

“አንተማ አለህ።”

“አዎ፣ አለሁ።”

“እኔ ላለ ሰው ተናግሬ አላውቅም።”

አቶ ሙሉቀን ሳቁ። “እማማ፣ እርስዎ አንዴ ድምፅዎን ካሰሙ ሦስት ቀበሌ ይወጣል። እኔ ስብሰባ ስጠራ የሚመጣው ሁለት ሽማግሌና አንድ ውሻ ነው። ውሻውም ንግግሩ ሳያልቅ ይሄዳል።”

እማማ አንጓችም ሳቁ። ቀጥለው፣ ሳቃቸው ሳያልቅ፣ “ምን ሠራህ?” አሏቸው።

አቶ ሙሉቀን ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ ያዞሩት ጀመር።

“የድልድዩን የመሠረት ድንጋይ አስቀምጫለሁ።”

“ድልድዩስ?”

“ከተመረጥኩ ያልቃል። ካልተመረጥኩ ግን፣ ልዋሽዎ አልፈልግም፣ ይቀራል። አዲስ የሚመጣው ሰው ከሌላ ይጀምራል። ለእኔ ባይሆን ለድልድዩ ብለው ይናገሩልኝ።”

ሰውዬው ሲወጡ እናቴና ጎረቤቶቹ ሁሉ ገቡ። “ምን ነበረበት? ሁለት ቃል ጣል ብታደርጊለት! ለልጆቻችን መሻገሪያ እኮ ነው!” አሉ። የብርቱካን እናት አልገባችም፤ በር ላይ ቆማ ነበር።

“እሺ፣ ያልሠራውን ሠራ ልበል” አሉ እማማ አንጓች፣ ፊታቸውን ወደ ብርቱካን እናት አዙረው። “ነገ ደግሞ ስለ ልጅሽ የተናገርኩትን ማን ያምነኛል? እስከ ዛሬ ያለቀስኩት ሁሉ ውሸት ይሆናል።”

“ድልድዩ ቢቀርስ?” አለች እናቴ።

እማማ አንጓች የቀረበላቸውን እንጀራ ገፋ አደረጉት። ያን ቀን እህል አልቀመሱም።

በማግሥቱ ማለዳ “ዝሜ፣ ድንጋዩን አሳዪኝ” አሉኝ። ጉሙ ከጮቄ ወርዶ ሜዳውን ሸፍኖት ነበር። እጃቸውን ይዤ ስሄድ እግራችንን እንኳ አናየውም፤ በደመና ላይ የምንሄድ ይመስለኝ ነበር። ወንዙ አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ከሁሉም አቅጣጫ ይመጣል። ድንጋዩ ጋ ስንደርስ በመዳፋቸው ዳሰሱት። ቀዝቃዛ ነው። የሆነ ሰው እርጥብ ቀሚስ አስጥቶበታል።

“ምን ይላል? አንብቢልኝ።”

አነበብኩላቸው። “ይህ የመሠረት ድንጋይ በወረዳው አስተዳዳሪ በአቶ ሙሉቀን ተቀመጠ።”

“ተቀመጠ?”

“አዎ፣ ተቀመጠ ነው የሚለው።”

“እውነቱን ነው” አሉ። “እስካሁንም አልተነሣም።”

ጉሙ ውስጥ ሁለታችንም ሳቅን። እኔ ድምፅ አውጥቼ ስስቅ ብርቱካን ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። እማማ አንጓች ሳቃቸውን አቋርጠው መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ብዙ ቆዩ። “አገኘሁት፤ እንሂድ” አሉኝ።

እማማ አንጓች እናገራለሁ ብለው ለአቶ ሙሉቀን ላኩባቸው። ስብሰባው ቅዳሜ ነበር፣ ወንዙ አፋፍ ያለው ሜዳ ላይ። ፒካፕ መኪና ላይ ትልቅ የድምፅ ማጉያ ጭነዋል። እማማ አንጓች ማይክራፎን ይዘው አያውቁም። ጉሮሯቸውን ለማሟሸት ብለው እንደ ልማዳቸው ረጅሙን “እኽ፣ እኽ፣ ወይ ወይ!” አወጡት። ያ ድምፅ በማጉያው ወጥቶ ገደል ለገደል ተጋጨና ሦስቱንም ቀበሌ አዳረሰው።

እኛ ስንጠብቅ ከየአቅጣጫው ሰው መጉረፍ ጀመረ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ሽማግሌዎች መቋሚያቸውን ይዘው እየሮጡ ነው። አንዲት ሴትዮ ሊጥ ከእጇ ሳታስለቅቅ፣ ደረቷን እየመታች ደረሰች።

“ማን ነው የሞተው? ማን ነው?”

“ማንም አልሞተም! ምርጫ ነው!” ይላል ሾፌሩ መኪናው ላይ ቆሞ።

“ምርጫ የሚባለው ማን ነው? የማን ልጅ ነው?”

“ኧረ ሰው አይደለም፣ እማማ!”

“ታዲያ ያለቀስኩትን ማን ይመልስልኝ?” አለች ሴትዮዋ። ሜዳው ግን ሞላ። እንደዚያ ያለ ሕዝብ ለትልቅ ሰው ቀብር እንኳ አይቼ አላውቅም። አቶ ሙሉቀን በደስታ ላብ በላብ ሆኑ። ድልድይ፣ ዕድገት፣ ተስፋ እያሉ ተናገሩ። ሕዝቡ የእሳቸውን ነገር በትዕግሥት አሳለፈና ወደ እማማ አንጓች ዞረ።

መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ዓይናቸውን ከደኑ። ወንዙ ብቻ ይሰማል።

አይታችሁ መስክሩ ወንዝ ዳር ያላችሁ፣
ድልድዩን ያቆመው ይኸው መጣላችሁ!

አቶ ሙሉቀን አጨበጨቡ። ድልድይ ያቆመ፣ የገነባ ተብለዋልና። ሕዝቡ ወንዙን አየ፤ ብቻውን የተቀመጠውን ድንጋይ አየ። መጀመሪያ የገባቸው ዲማ ቅኔ ተምረው የመጡት መሪጌታችን ነበሩ። በመቋሚያቸው መሬቱን ወግተው “ኧኸ! አቆመው! ቀጥ አድርጎ አቆመው!” አሉና በሳቅ ፈነዱ። ከዚያ ሳቁ እንደ እሳት ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደ። ለለቅሶ የመጣው ሕዝብ ነጠላውን እንዳዘቀዘቀ ሳቀ።

አቶ ሙሉቀን ሕዝቡ የሳቀው በደስታ መሰላቸው። እጃቸውን አንሥተው “ይደገም!” አሉ።

“ይደገም!” አለ ሜዳው።

እማማ አንጓች ደገሙት።

ሳምንቱን ሙሉ ያ ፒካፕ የተቀዳውን የእማማ አንጓችን ድምፅ እያሰማ ከገበያ ገበያ ዞረ። ባለፈበት ሁሉ ሰው ከእርሻው ቀና እያለ “ይደገም!” ይላል። ዘመዶቻችን ከደብረ ኤልያስ ሳይቀር ደውለው “ድልድዩን ያቆመው ደኅና ነው?” ብለው ጠየቁን። እናቴ ግን አልሳቀችም። “ይኸው፣ ድልድያችንን በሳቅ ሸኘነው” አለች። እማማ አንጓች ሰምተዋታል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በስምንተኛው ቀን አቶ ሙሉቀን በእግራቸው መጡ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው። መኪናቸው አብሮ የለም። እኔ ወደ ጓዳ ልሸሽ ስል እማማ አንጓች ቀሚሴን ያዙኝ።

“እማማ፣ ምን በደልኩዎ?”

“ምን ሰማህ?”

“ድልድዩን አስቀረው ማለትዎ ነው አሉኝ።”

“ማን አለህ?”

“ሾፌሬ። ሳምንቱን ሙሉ እየሳቀ ሲነዳ ነው የከረመው። እኔ ደስ ብሎት ነበር የመሰለኝ።” ኮፍያቸውን አውልቀው ጨበጡት። “ሰው ሁሉ እየሳቀብኝ እኔ እጄን አወዛውዝለት ነበር።”

እማማ አንጓች እጃቸውን ዘርግተው የሰውዬውን ትከሻ ፈለጉ፤ አገኙት። “ልጄ፣ ቃሉ ሁለት ነው። አቆመ ማለት ገነባም ነው፣ አስቀረም ነው። እኔ አንዱን አልመረጥኩልህም። ሕዝቡ አንተን ይምረጥ፤ አንተ ደግሞ ቃሉን ምረጥ።”

“ያስተካክሉልኝ። ሌላ ግጥም ይበሉልኝ።”

“አንድ ፊደል አልነካም። የሚስተካከል ከሆነ አንተ አስተካክለው።”

አቶ ሙሉቀን የሱሪያቸውን ጭቃ በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉ። ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ። “አንቺስ? አንቺ ምን ትያለሽ?” አሉኝ። መልስ መስጠት ፈልጌ ነበር። ተነሣሁና የብርቱካንን ደብተር እማማ አንጓች ግድግዳ ላይ ከሰቀልኩበት አውርጄ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ገለጡት። ገጾቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል፤ ሰማያዊ ብቻ ነው። መጀመሪያው ላይ ስሟና “ዘጠነኛ ክፍል” የሚለው ትንሽ ይታያል። ዘጠነኛን አልደረሰችም፤ ቀድማ ነው የጻፈችው።

“የማን ነው?” አሉ።

“የወንዙ” አሉ እማማ አንጓች።

አቶ ሙሉቀን ደብተሩን ዘግተው በሁለት እጃቸው መለሱልኝና ወጡ። በማግሥቱ ፒካፑ መጣ። ግጥሙ ይቀራል ብለን ስንጠብቅ፣ ያው የእማማ አንጓች ድምፅ፣ ያው ግጥም። አቶ ሙሉቀን ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ አሁን ፍቺውን ያውቁታል። ሰው “ይደገም!” ሲላቸው አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ይሰጣሉ። ሳቁ ያን ቀን ቀነሰ።

የምርጫው ዕለት እማማ አንጓችን መርቼ ወሰድኳቸው። ሲወጡ አውራ ጣታቸው ላይ ያለውን ቀለም እያሻሹ ነበር። “ማንን መረጡ?” አልኳቸው።

“ድምፅ ምስጢር ነው አሉኝ” ብለው ሳቁ። “ዕድሜ ልኬን ድምፄን ለአገር ሳሰማ ኖሬ፣ ገና ዛሬ ምስጢር ሆነልኝ።”

አቶ ሙሉቀን ተመረጡ። ለምን እንደ ተመረጡ እስካሁን አላውቅም። እኔ ግን ወረቀቱ ላይ፣ ምልክታቸው አጠገብ አውራ ጣቴን ሳሳርፍ በዓይኔ የነበረው ያ ጭቃ የነካው ሱሪ ነው።

ዝናቡ እንዳለፈ ድንጋይ የጫኑ መኪኖች መጡ። ያን በጋ ሙሉ የመዶሻ ድምፅ በሕልሜ ሳይቀር እሰማ ነበር። ድልድዩ ትልቅ አይደለም፤ መደገፊያው ቀለም እንኳ አልተቀባም። የተከፈተ ቀን እማማ አንጓችን መሀሉ ላይ አቆሟቸው። ከሥራችን ውኃው ይፈሳል። አቶ ሙሉቀን ቀርበው በጆሯቸው “እማማ፣ ይደገም” አሏቸው።

መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ፤ ያንኑ ግጥም አሉት። አንድ ፊደል አልቀየሩም። ያው ቃል፣ ያው ሕዝብ፣ ያው ወንዝ ነው። የሳቀ ግን አልነበረም። የብርቱካን እናት ከወዲያ ማዶ ወደ ወዲህ፣ ከወዲህ ወደ ወዲያ ማዶ ብቻዋን ተመላለሰች።

እኔ በዚያ ድልድይ ተሻግሬ ነው ደብረ ማርቆስ ሥራ የገባሁት። ባለፈው ሐምሌም በእሱ ተሻግሬ ለቀብሩ ደረስኩ። ጥቁር ውኃ ሞልቶ፣ ደፍርሶ፣ ከእግሬ ሥር ሲያልፍ ቆሜ አየሁት።

ለቅሶው ላይ ሦስቱም ቀበሌ ነበር። አቶ ሙሉቀንም ጃንጥላ ሳይዙ ዝናቡ ውስጥ ቆመዋል። መሀሉ ግን ባዶ ነው። ለሁሉም ያለቀሱት ሴትዮ ሬሳቸው ተቀምጦ፣ የሠሩትን የሚናገርላቸው ጠፋ። ሰው ቀስ በቀስ ወደ እኔ ዞረ። መሪጌታ “ልጄ፣ አንቺ አብረሻት ነበርሽ” አሉኝ። ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ። ድምፅ አልወጣም። ዝም ብለን ቀበርናቸው። በአገራችን እንደዚያ ጸጥ ያለ ቀብር የሳቸው ብቻ ይመስለኛል።

እሑድ አርባቸው ነው። የሩቅ ዘመድ ስለሚመጣ እንደገና ይለቀሳል። ይህን ሁሉ የጻፍኩት ከአጥሩ ውጭ ቆሞ “ምን ሠራች?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስላጣሁ፣ ራሴን ጠይቄ ነው።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ከመሞታቸው ሁለት ሳምንት በፊት ነበር። መደባቸው ላይ ተኝተው ነበር። መኪና እንዳያመልጠኝ ጉልበታቸውን ስሜ ወደ በሩ ሄድኩ። እጄ በሩን ሲነካ ጠሩኝ። ያሉኝን ሰምቼ ባለሁበት ቀረሁ፤ የሚያቀብሉኝ ወይም የሚልኩኝ ነገር ያለ መስሎኝ ብዙ ጠበቅኩ። ሌላ አልጨመሩም፤ መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ከድነዋል። ቃላቸው ያን ጊዜ በአንድ በኩል ብቻ ነበር የገባኝ።

“ዝሜ፣” አሉኝ፣ “ቁሚ።”